ነጩ ባና ላይ ስላረፈው ክብ ማህተም

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ወልደ ጻድቅ
የእጅ ሥራ ውጤቶች ትክክለኛነት ማረጋገጫ ዴስክ ኃላፊ
መሐል ሜዳ

ግልባጭ፦ ቴሌግራም ላላችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለማቅረብ (ጉዳዩ የሚል መስመር የሌለውን ደብዳቤ ከነፖስታው እንደሚመልሱት ስለተነገረኝ ነው የጻፍኩት)

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ወገብዎስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ማህተም አንስቶ የማይደክመው ቀኝ ክንድዎስ? ዘንድሮ ውርጩ ቀደም ብሎ ገብቶ የመንዝ ሰው ሁሉ ሲያስል፣ የእርስዎ ቢሮ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኖ ሙቀቱ እንደተጠበቀ መሆኑን ስሰማ እንደ ራሴ ቤት ደስ ብሎኛል። ቤተሰብዎ፣ በጎችዎና ሞተር ብስክሌትዎ ሁሉም ደህና ይሆኑልዎ ዘንድ እመኛለሁ። ሞተር ብስክሌቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው ሰኔ ከቢሮዎ ደጅ ለምድ ለብሶና ሁለት ቀንድ አብቅሎ የተገኘው በእኔ እጅ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ በትሕትና አምናለሁ። ይህን ያመንኩት ከዚህ በታች የምጽፈውንም እንዲያምኑልኝ ነው።

ስሜ ተገኘ ይባላል። ከትምህርት ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይቼ፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፣ ሰው ላይ እቀልዳለሁ። የመጨረሻው ገቢ የለውም። ደብዳቤው ውስጥ የሚያማምሩ ቃላት ካገኙ ከቢሮዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የገለበጥኳቸው ናቸው፤ ደጅዎ ላይ ስቆም ብዙ የማንበቢያ ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

እርስዎስ ያውቁናል፣ ስድስት ጊዜ አስጠርተውናል፤ ለማያውቁን አንባቢዎች ግን ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳ። ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለ መንደር እትዬ ወሰኔ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በጠየቅኳቸው ቁጥር የሚሰድቡኝ እናት አሉ። እሳቸውና አምስት ጎረቤቶቻቸው የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፣ ጋሽ ገብረየሱስ የሚባሉት ሸማኔ ፈትሉን ባና፣ የመንዝን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያደርጉታል። መምህርት ማርያማዊት ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የበግ ቆዳ ወጥራ፣ ፍቃ፣ ብራና ታደርገውና የጓሳን ቀይ ቀበሮ ትስልበታለች። አንዴ የሳለችውን አትደግመውም። ለምን ብዬ ስነዘንዛት ቀበሮው ራሱ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አቋቋም ቆሞ አያውቅም አለችኝ። እኔ በተሰነጠቀው ስልኬ ፎቶ አንስቼ «የመንዝ ሙቀት» በሚባለው የቴሌግራም ቻናላችን ላይ እለጥፋለሁ፤ ስንጥቁ ፎቶው ላይ ስለማይወጣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የሽያጩ ትርፍ ለአንድ ነገር ብቻ ይውላል፦ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸውን የአካባቢያችንን ሰዎች ደብረ ብርሃን ወስዶ ለማሳከም። ሐኪሞቹ ከሩቅ መጥተው በዓመት አንድ ሳምንት በነጻ ይሠራሉ፤ መኪናው፣ ማደሪያው፣ አስታማሚውና ኋላ የሚጨመረው ጠብታ ግን በነጻ አይደሉም። አምና በሦስት ባና አያ ሀዲስን ወሰድናቸው። ዓይናቸው በተገለጠ በሳምንቱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በጎቻቸውን መቁጠር ነበር፤ አንዷ የጎረቤት ሆና ተገኘች። አራት ዓመት ሙሉ የሰው በግ ሲያበሉ ኖረው፣ ከነሁለት ግልገሏ መልሰው ይቅርታ ጠየቁ። እኔም ቻናሉ ላይ ባና የገዛችሁ ሁሉ አንዲት በግ ወደ ቤቷ መልሳችኋል ብዬ ጻፍኩ።

ዘንድሮ ተረኞቹ ስምንት ነበሩ፣ የመጀመሪያዋም እትዬ ወሰኔ። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በግራው ጥላ ያያሉ። አምና ያያቸው ሐኪም በሚቀጥለው ዙር ካልተሠራ ሞራው ግፊት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ያኔ ቢሠራም ብርሃኑ ላይመለስ እንደሚችል ነግሯቸዋል። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በስድስቱ ጥሪ ውስጥ ስንመላለስበት የከረምነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ አንድ ግራ ዓይን።

በመስከረም ወይዘሮ ጌታነሽ የሚባሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍቱ የተሰናዱ ሴት ዘጠኝ ነጫጭ ባናና ስድስት ሥዕል አዘዙን። ስምንቱንም ሰው ደብረ ብርሃን አድርሶ የሚመልስ ትእዛዝ ነበር። እሳቸውም እንደማንኛውም የኦንላይን ገዢ፣ በእጅ የተሠራ ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ ብለው ጠየቁ። ከነበጉ ልላክልዎ ወይ ብዬ ጻፍኩላቸው፤ አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው የዕድሜዬን ትልቁን ቀልድ የቀለድኩት፤ ቻናሉ ላይ «በሚመለከተው አካል ማህተም የተረጋገጠ» ብዬ ለጠፍኩ። የሚመለከተው አካል በማግስቱ ደወለ። እርስዎ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያደረጉልንን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ምስጋና መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው አውቃለሁና።

1ኛ. ስለ ቀጠሮው አመሰግናለሁ። ሥራው የማሽን አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ሴቶቹ ቢሮ ድረስ መጥተው በኮሚቴ ፊት ፈትለው ያሳዩ አሉ፤ መልካም። ቀኑንም ጥቅምት ሃያ አንድ አደረጉት። ክቡርነትዎ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ በማርያም ቀን በመንዝ እንዝርት የምታሾር ሴት እንደማትገኝ ያውቃሉ ብዬ ገምቼ ነበር፤ ይቅርታ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ገመትኩ። ሴቶቹ የመንግሥት ጥሪ አይናቅም ብለው ሌሊት ተነሥተው መጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚዎ ላይ ተደረደሩ፣ እንዝርቱንም ከነቅርጫቱ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስከ ስድስት ሰዓት ሳይነኩት ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው «ሙያውን በተግባር ማሳየት አልቻሉም» ይላል። ሁለት ሳምንት ተራዘመ።

2ኛ. ስለ ጥርጣሬዎ አመሰግናለሁ፤ ከእርስዎ በፊት እትዬ ወሰኔን እንዲህ ያሞገሰ ሰው የለም። ኅዳር አራት ቀን በኮሚቴው ፊት ፈተሉ። ክሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ አንዱ የኮሚቴ አባል መነጽር አውጥቶ አየው፣ እርስዎም ወደ ብርሃን ዘርግተው ካስተዋሉት በኋላ፣ ዓይኑ የማያይ ሰው ክርን እንዲህ እኩል አድርጎ ሊፈትል ስለማይችል ማሽን ሳይኖር አይቀርም፣ ይጣራ ብለው አስመዘገቡ። ማሽኑ ፊትዎ ተቀምጦ ነበር፤ ነጠላ ለብሶ፣ ውኃ ጠጡ ሲባል ጾም ነው ብሎ። ሃያ ደቂቃ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ባሳይዎ፣ ቀርጾ መቁረጥና መቀጠል እንደሚቻል አስረዱኝ። ወደ መኪናው ስንሄድ እትዬ ወሰኔ ማሽን ዓይን አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው። እንግዲያ እኔው ነኝ አሉ፣ እየሳቁ።

3ኛ. ስለ ማህተሙ። እዚህ ላይ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል፣ ምስጋናው ስለከበደው ይሆናል።

እውነቱን ላውጣ፦ ማጣሪያው ማሽን ሲያጣ፣ የእኛዎቹ ሴቶች ማህተም ይመታላችኋል ሲባሉ እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም። በእኛ አገር ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ ልደትም፣ መሬትም፣ ሞትም ማህተም ሳይመታበት አልሆነም። የእጃችን ሥራ ዛሬ ሰው ሊሆን ነው ብለው ባናዎቹን አጥበው፣ አጥፈው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ተሸክሜ ያመጣሁልዎም እኔ፣ በዚህ ትከሻዬ። ማንኛችንም፣ አሥር ዓመት የተማርኩት እኔን ጨምሮ፣ ማህተሙ የት እንደሚያርፍ አልጠየቅንም፤ በወረቀት ላይ ነው ብለን ነዋ።

እርስዎ ግን ወረቀት ይጠፋል፣ ወረቀት ይቀያየራል፣ ማረጋገጫው ዕቃው ላይ ነው የሚመታው አሉ። ማርያማዊት ከጀርባ ይሁን ብላ ለመነችዎ፤ ከጀርባ የተመታ ማህተም እንደ ተደበቀ ይቆጠራል፣ በጉልህ በሚታይ ቦታ ነው ብለው መመሪያ ጠቀሱ። ሱፍ ደግሞ እንደ ወረቀት አይደለም፣ ቀለሙን ጠጣው። የመጀመሪያው አልነበብ ሲል ደገሙት፣ ሁለተኛው ሲድበሰበስ ሠለሱት፤ ሰባተኛው ባና ላይ ሲደርሱ ላብዎን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቼ አዘንኩልዎ። ስድስቱ ሥዕሎች ላይ ብራናው ስለማይጠጣ በአንድ ምት ጸዳ ብሎ ወጣ። ትልቁ ቀበሮ ግንባሩ ላይ ነው ያረፈለት፤ አሁን ከጓሳ የወጣ ሳይሆን ከስብሰባ የወጣ ይመስላል። ማርያማዊት አላለቀሰችም። ብራናውን ጠቅልላ ወጣች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቆዳ አልወጠረችም።

ጋሽ ገብረየሱስ አንዱን ባና በሙቅ ውኃና በእንዶድ ግማሽ ቀን ረገጡት። ሐምራዊው ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። ቀለሙ የለቀቀው እግራቸው ላይ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ሲያወልቁ ምእመኑ ቅዳሴውን ትቶ እግራቸውን ያያል።

4ኛ. ስለ ንብረት አስተዳደር። የተመታበትን ባና ፎቶ አንስቼ ለወይዘሮ ጌታነሽ ላክሁ፤ ይኸውልዎ ማህተሙ፣ ብዬ በኩራት። መልሳቸው እስከ ማታ ዘገየ። ሲመጣ ትሑት ነበር፤ ክብ ማህተም የተመታበት ነጭ ብርድ ልብስ እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ ያዩት ሆስፒታልና ማረሚያ ቤት ብቻ መሆኑን፣ የመንግሥት ንብረት ገዝተው ከሕግ ጋር መጣላት እንደማይፈልጉ፣ እኔንም እግዚአብሔር ወደ ልቤ እንዲመልሰኝ እንደሚጸልዩ ገለጹልኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፣ አብዛኛውም ተገቢ ነበር፤ የሆስፒታል ብርድ ልብስ ሌባ ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሮጬ መጣሁ። ዕቃው የመንግሥት አይደለም የሚል አንድ መስመር ይጻፉልኝ አልኩ። የመንግሥት ያልሆነን ንብረት የመንግሥት አይደለም ለማለት ሥልጣኑ የንብረት አስተዳደር ነው አሉኝ። ንብረት አስተዳደር ሄድኩ። መዝገባቸው ላይ ስለሌለ ዕቃ ምንም ማለት እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ላስመዘግበው ብፈልግ በደስታ እንደሚመዘግቡት ነገሩኝ። ከተመዘገበ የማን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። የመንግሥት አሉ። አራት ቀን በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ተመላለስኩ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ምልልሱ ግን ያረዝመዋል። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ጌታነሽ ባናቸውን ከገበያ እንደገዙ ጻፉልኝ። የማሽን ነው፣ ግን ንጹሕ ነው አሉ።

5ኛ. ከትእዛዙ በላይ አስመጥተው ለናሙና ያስቀሩት አሥረኛው ባና ከወንበርዎ ላይ ለጉልበትዎ መልካም ሙቀት እየሰጠ መሆኑን በመስኮት አይቻለሁ። እሱ ላይ ማህተም አልመቱበትም። ኦሪጅናል መሆኑን በምን አወቁ?

6ኛ. ይህኛው ክስ በራሴ ላይ ነው። ያን አንድ መስመር ባልጽፍ ኖሮ እርስዎ ባልደወሉ፣ ወይዘሮ ጌታነሽ ደግሞ አንድ የእትዬ ወሰኔን ቪዲዮ አይተው ይረኩ ነበር። ዴስክዎ ቀልድ የሚያረጋግጥበት ክፍል ቢኖረው፣ ከመለጠፌ በፊት አምጥቼ አስመታው ነበር። ሰው ስቀልድበት ኖሬ፣ ቀልዴ እውነት ሆኖ ሲነሣብኝ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። እስካሁንም አላውቅም።

ሐኪሞቹ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን መጡ። እኛ ዘንድ ሐምራዊ ጨረቃ ያለባቸው ዘጠኝ ባናዎችና የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ስድስት ቀበሮዎች ነበሩ፤ ዋጋ ቀንሼም ለጠፍኩ፣ ከእነ ታሪካቸው ለጠፍኩ፣ ሰው ሳቀ፣ ልብ የሚመስል ምልክት ላከ፣ ለሌላው አስተላለፈ፣ የገዛ ግን የለም። በአራተኛው ቀን ስልኬን ከሚገዛኝ ሰው ጋር ተስማምቼ እትዬ ወሰኔ ዘንድ ሄድኩ። ገንዘቡ ስምንቱን አይችልም፣ እሳቸውንና አንዲት አስታማሚ ግን ይችላል፤ ማታ ደብረ ብርሃን እንገባለን፣ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው አልኳቸው። እየፈተሉ ነበር። አላቋረጡም።

«ሰባቱን እዚህ ትቼ፣ ብቻዬን የማየው ምኑን ነው?» አሉኝ።

ለመንኳቸው። ቀለድኩ፣ ተቆጣሁ፣ ጎረቤቶቻቸውን አስለመንኩ። ከሰባቱ ተረኞች ሦስቱ ራሳቸው በምርኩዝ መጥተው ሂጂ አሏቸው። የባሰ እምቢ አሉ። ክቡር ሆይ፣ በመንዝ ሴት እምቢታ ፊት የእርስዎ መመሪያ ምንም ማለት አይደለም፣ እሱ ቢያንስ አንቀጽ አለው። መኪናው ሄደ። ኅዳር ሃያ ሰባት ቀን ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ።

አሁን ጥላው እየጠበበ ነው ይላሉ። አቤቱታ አይደለም፣ ስለ ደመና እንደሚያወራ ሰው ነው የሚነግሩኝ። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ማነህ አሉኝ፤ ከዚያ በፊት በቁመቴ ይለዩኝ ነበር። እንደ ልማዴ ድምፄን ለውጬ ላታልላቸው አሰብኩ። ስሜን ብቻ ነገርኳቸው።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ማመልከቻ አይደለም፣ የሚያመለክተው ነገር የለውም። የሚመጣው ዓመት ሐኪሞቹ ይመጣሉ፣ ዓይኑ ግን ይጠብቅ እንደሆነ የሚያረጋግጥልኝ ማህተም ማን እጅ እንዳለ አላውቅም። ለዚህ የሚሞላ ፎርም ካለ በሦስት ኮፒ እሞላለሁ። ቢሮዎን ከፍተውልኝ ተቀመጥ ቢሉኝም እቀመጣለሁ፤ ቢያስወጡኝም እወጣለሁ፤ ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ። መንግሥት ይክሰስልኝ አልልም፣ ከእርስዎ ሌላ መንግሥት የማውቀው ንብረት አስተዳደርን ነው፣ እነሱም ሊመዘግቡኝ ይችላሉ።

የቀለም ሳጥንዎ በክረምትም በበጋም እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ መመሪያዎ ከነአንቀጹ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለዚህች ጥቂት ፈትል ላዋሉልን ለዚያ ሁሉ ትጋት፣ ለዚያች አንዲት ዓይን ለሰጡን ለዚያ ሁሉ ቀጠሮ ደግሜ ደጋግሜ አመስግኜ፣ ጫማዎ ሥር በምናብ ተንበርክኬ፣ በአካል ግን መናኸሪያው አጠገብ ተቀምጬ የምገኝ፣

ታዛዥዎና ስድስት ጊዜ ተጠሪዎ
ተገኘ፣ የስልክ ቻርጅ ባለሙያ
(ማህተም የለኝም፣ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእትዬ ወሰኔ አነበብኩላቸው፤ ተቆጡኝ። ሰውየውን እንዲህ አትበል፣ የዚያን ቀን ሲያናግሩኝ ድምፃቸው የደግ ሰው ድምፅ ነው አሉ፤ ፊታቸውም ደግ መሆኑ አይቀርም ብለው አስበዋል። አላስተባበልኩም። አይተው የሚያረጋግጡበት ዓይን ስለማይኖራቸው፣ እርስዎ በእሳቸው ዘንድ ዕድሜ ልክዎን ደግ ሰው ሆነው ይኖራሉ። እንኳን ደስ ያለዎት።